የታጣቂ መሪ ሲከሰስ ማስረጃው የሚበጠሰው የት ላይ ነው?

መንደር ተቃጥሎ፣ ሰው አልቆ፣ አስከሬን ተቆጥሮ ሳለ ታጣቂዎቹን ያሰማራው ሰው በነጻ ሲለቀቅ ብዙዎች «ፍርድ ቤቱ ተሸጠ» ይላሉ። ፍርዱን ገልጦ ያነበበ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ያገኛል፤ ወንጀሉ መፈጸሙ አላከራከረም፣ ያልተረጋገጠው ከወንጀሉ ወደ ተከሳሹ የሚያደርሰው መንገድ ነው። ሔግ ያለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት፣ እሱን ያቋቋመው የሮም ስምምነት በጁላይ 1 ቀን 2002 በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ በታጣቂ መሪዎች ላይ ያያቸው መዝገቦች በአመዛኙ የዞሩት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። (ቀኖቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የመንግሥት ጦር ወረቀት ያከማቻል። የደመወዝ መዝገብ፣ የሹመት ደብዳቤ፣ የጥይት ወጪ ሰነድ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ትእዛዝ አለው። መርማሪው ማኅደሩን ካገኘ የእዝ ሰንሰለቱን ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ይችላል። ታጣቂ ቡድን ዘንድ ትእዛዝ የሚሰጠው በቃል ነው። ማዕረግ ዛሬ ይሰጣል፣ ነገ ይገፈፋል። «ጄኔራል» የሚባለው ሰው ሥር ጥቂት ሰዎች ብቻ ሊኖሩ ይችላሉ፤ «አማካሪ» ተብሎ ከጥግ የተቀመጠው ደግሞ ዋናው አዛዥ ሆኖ ይገኛል። አዛዦቹ የሚታወቁት በቅጽል ስም ነው፤ አንዱን ቅጽል ስም ሁለት ሰው ይጠራበታል፣ አንዱ ሰውም ሦስት ስም ይኖረዋል።

ስለዚህ ገና ከደጃፉ የሚመጣው ጥያቄ «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚለው ነው። በሱዳን ዳርፉር ጃንጃዊድ የሚባሉት ታጣቂዎች አዛዥ አሊ ሙሐመድ አሊ አብድ አል ራሕማን በጁን 2020 መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ውስጥ እጁን ሰጥቶ ሔግ ሲቀርብ በመጀመሪያው ቀን ያነሳው መከራከሪያ «አሊ ኩሸይብ የምትሉት እኔ አይደለሁም» የሚል ነበር። ምስክሮቹ ደግሞ በአመዛኙ የሚያውቁት በዚሁ ቅጽል ስም ነው። ጠበቆቹ ነጥቡን እስከ መጨረሻው አልለቀቁትም። ዐቃቤ ሕግ ሰውየውን ከጦርነቱ በፊት ከሚያውቁት ሰዎች ጀምሮ ማስረዳት ነበረበት፤ በጦሩ የሕክምና ክፍል ያገለገለ፣ ከዚያ ጋርሲላ ገበያ ላይ መድኃኒት ይሸጥ የነበረ ሰው መሆኑን፣ ያው ሰው ታጣቂዎቹን ይዞ ሙክጃርና ዴሌይግ ወደሚባሉት የዳርፉር ከተሞች መግባቱን። ችሎቱ በኦክቶበር 6 ቀን 2025 በ27 ክሶች ጥፋተኛ አለው፣ በዲሴምበር የ20 ዓመት እስራት ወሰነበት።

ከተጎጂዎች ቃል የሚሰበስብ ሰው ከዚህ የሚወስደው ተግባራዊ ነገር አለ። ምስክሩ «እገሌ መጣ» ሲል ስሙን ጽፎ ማለፍ ለችሎት አይበቃም። እንዴት አወቅኸው? ከዚያ ቀን በፊት የት አይተኸው ነበር? በምን ያህል ርቀት ቆመህ አየኸው? እሱ መሆኑን የነገረህ ሰው አለ ወይስ ራስህ ለየኸው? በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው ታውቃለህ? ምን ለብሶ፣ በምን መኪና? መስቀለኛ ጥያቄ የሚያቀርበው ጠበቃ እነዚህን አንድ በአንድ ይጠይቃል። ምስክሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማቸው ችሎት ላይ ከሆነ መልሱ ይወዛገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጦርነቱና የቡድኑ ባሕርይ ነው። ግድያ ሁሉ የጦር ወንጀል አይደለም። የሮም ስምምነት አንቀጽ 8 የአገር ውስጥ የትጥቅ ግጭትን ከተራ ብጥብጥና ከአልፎ አልፎ ግጭት ይለያል፤ ውጊያው የተራዘመ፣ ቡድኑም የተደራጀ መሆን አለበት። የተደራጀ ለመባል ዩኒፎርም አያስፈልግም። የእዝ ቦታ ነበረው ወይ? መሣሪያና ስንቅ የሚያገኝበት መንገድ ነበረው ወይ? አዲስ ገቢ ያሠለጥን ነበር ወይ? ያጠፋ አባሉን ይቀጣ ነበር ወይ? ተደራድሮ የተኩስ አቁም ሊፈርምና ሊያስከብር ይችል ነበር ወይ? እዚህ ላይ መከላከያው የሚወዳት ወጥመድ አለች፤ «እኛ ጦር አልነበርንም፣ የተቆጣ ገበሬ ነበርን፣ አዛዥም ታዛዥም የለንም» ይላል። ክርክሩ ከተሳካለት ሁለት ነገር በአንድ ድንጋይ ይወድቃል። አንደኛ የጦር ወንጀል የሚባለው መሠረት ይናጋል፣ ሁለተኛ መሪው ሰዎቹን ይቆጣጠር ነበር የሚለው አብሮ ይሄዳል። የቡድኑን የቅጣት ሥርዓት የሚመሰክር አንድ የቀድሞ ታጣቂ፣ የጥቃቱን ዘግናኝነት ከሚያወሱ አሥር ምስክሮች ይልቅ ለዐቃቤ ሕግ የሚጠቅምበት ጊዜ ያለው ለዚህ ነው። ያልታዘዘ ይገረፍ ነበር? ማን ያስገርፈው ነበር? ከዚያ ጥቃት በኋላስ የተቀጣ ሰው ነበር?

ግጭቱ የአገር ውስጥ ነው ወይስ ዓለም አቀፍ የሚለውም ለወጉ የሚነሳ ጥያቄ አይደለም። በኮንጎ ኢቱሪ ግዛት የታጣቂ መሪ በነበረው በቶማስ ሉባንጋ ጉዳይ ላይ ቅድመ ክስ ችሎቱ በዩጋንዳ ጦር መኖር ምክንያት የግጭቱን አንድ ክፍል ዓለም አቀፍ ብሎት ነበር፤ የመጀመሪያ ደረጃው ችሎት ወደ አገር ውስጥ ግጭት መለሰው። ሕፃናትን ማዝመት በሁለቱም ወንጀል ስለሆነ እዚያ ጉዳት አላመጣም። በሁለቱ ዝርዝሮች እኩል ያልተጻፉ ድርጊቶች ግን አሉ። ሰላማዊ ሰውን በረሃብ መቅጣት ለረጅም ጊዜ የተጻፈው ለዓለም አቀፍ ግጭት ብቻ ነበር፤ በአገር ውስጥ ግጭትም እንዲያስጠይቅ ማሻሻያ የተደረገው በ2019 ሲሆን ማሻሻያው በሥራ ላይ የሚውለው ላጸደቁት አገሮች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መሪው ራሱ ሲተኩስ ካልታየ በምን ይጠየቃል? ስምምነቱ በርከት ያሉ መንገዶች አሉት፤ በተግባር የሚያከራክሩት ሦስት ናቸው። አንዱ በጋራ ዕቅድ ውስጥ ያለ እሱ ሥራው የማይሠራ ድርሻ ነበረው፣ ወይም ድርጅቱን እንደ መሣሪያ ተጠቅሞ በሌሎች እጅ ፈጸመ የሚለው ዋና ወንጀል አድራጊነት ነው። ሁለተኛው የጋራ ዓላማ ላለው ቡድን እያወቀ አስተዋጽኦ አደረገ የሚለው፣ ከፍ ብሎ ካለው ወረድ ያለ ተጠያቂነት ነው። ሦስተኛው የአንቀጽ 28 የአዛዥ ኃላፊነት ነው፤ ሰዎቹን በእርግጥ ይቆጣጠር ነበር፣ ያውቅ ነበር ወይም ማወቅ ነበረበት፣ ለመከላከል ወይም ለመቅጣት አስፈላጊና ምክንያታዊ የሆነውን ሁሉ አላደረገም።

የጀርሜን ካታንጋ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2003 ኢቱሪ ውስጥ ቦጎሮ የምትባል መንደር ተጠቃች። ሁለቱ የታጣቂ መሪዎች፣ ካታንጋና ማቲዩ ንጉጆሎ ቹዊ፣ አብረው የተከሰሱት በዋና አድራጊነት ነበር። ማስረጃው ሲመዘን ካታንጋ በአካባቢው የነበሩትን ታጣቂዎች ጥቃቱን ሊያስፈጽም በሚችል ደረጃ ይቆጣጠር እንደነበር አልጸናም። የጸናው ሌላ ነገር ነው፤ ከቤኒ ከተማ በአውሮፕላን እሱ ወደሚቀመጥባት አቬባ የመጣውን መሣሪያና ጥይት ተቀብሎ ማከፋፈሉ። ይህን ካረጋገጡት ቃሎች አንዱ ራሱ ተከሳሹ ምስክር ሆኖ ቀርቦ የሰጠው ነው። ዳኞቹ በአብላጫ ድምፅ የተጠያቂነቱን ዓይነት ቀይረው በአስተዋጽኦ ጥፋተኛ አሉት፣ 12 ዓመት ተፈረደበት። በአስገድዶ መድፈር፣ በወሲባዊ ባርነትና በሕፃናት ወታደሮች ክሶች ግን ነጻ ወጣ። ከዳኞቹ አንዷ ዘግይቶ የመጣውን ለውጥ አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ተከሳሹ የተከላከለው ለአንድ ክስ ነው፣ የተፈረደበት በሌላ ነው ብለው። ተቃውሟቸው ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። ትምህርቱ ለዐቃቤ ሕግ ነው፤ ክሱ ሲጻፍ ከፍተኛውን መንገድ ብቻ መርጦ ማስረጃው እንደሚከተል ተስፋ ማድረግ አያዋጣም፣ አማራጩን አብሮ ከመነሻው ማቅረብ ይገባል።

በቦጎሮ ሌላም እንቅፋት ነበር። መንደሩ መሐል የተቃራኒው ቡድን የጦር ካምፕ ነበረ። ስለዚህ «እኛ ካምፕ ነው ያጠቃነው» የሚል መልስ ይመጣል። የሟቾች ብዛት ብቻውን መልስ አይሆንም። እያንዳንዱ ሟች ማን ነበር፣ ጥይቱ ሲያገኘው ምን እያደረገ ነበር፣ የት ወደቀ፣ ውጊያው ካበቃ በኋላ ነው ወይስ በፊት የሚሉትን ማወቅ ያስፈልጋል። ሲሸሽ ከጀርባ የተመታ፣ ቤት ውስጥ ከልጆቹ ጋር የተቆረጠ፣ ካምፑ ከወደቀ በኋላ ተፈልጎ የተገደለ ሰው ታሪክ ዝርዝሩ ሲጻፍ ብቻ ነው ከውጊያ ሟች የሚለየው።

የአዛዥ ኃላፊነት ከሩቅ ሲያዩት ቀላሉ መንገድ ይመስላል። የኮንጎው የታጣቂ ቡድን መሪ ዣን ፒየር ቤምባ በዚሁ መንገድ ነበር የተከሰሰው። ታጣቂዎቹ ከ2002 እስከ 2003 መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ውስጥ ገድለዋል፣ ደፍረዋል፣ ዘርፈዋል። በማርች 2016 ጥፋተኛ ተብሎ 18 ዓመት ተፈረደበት። በጁን 8 ቀን 2018 ይግባኝ ሰሚው ችሎት ሦስት ለሁለት ሽሮ ነጻ አወጣው። አብላጫዎቹ ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ የተፈረደባቸው በርካታ ድርጊቶች ከክሱ ወሰን ውጪ ነበሩ የሚል ነው፤ ሌላው ከኮንጎ ሆኖ በባዕድ አገር ያሉ ወታደሮችን መመርመርና መቅጣት ያለበትን ችግር የታችኛው ችሎት በቅጡ አላየም የሚል። ቤምባ የምርመራ ቡድን አቋቁሞ ነበር፣ ጥቂት ወታደሮችም በትናንሽ ዝርፊያ ተከሰው ነበር፣ ለመካከለኛው አፍሪካ ባለሥልጣናትም ደብዳቤ ጽፌያለሁ ብሎ ነበር። እነዚህ ለይስሙላ ነበሩ ወይስ አቅሙ የፈቀደው ያ ነው? የአንቀጽ 28 ክስ የሚያዘጋጅ ሰው «ምንም አላደረገም» ከማለቱ በፊት ያንኑ ጊዜ በተመለከተ አዛዡ ማድረግ ይችል የነበረውን በዝርዝር ማስቀመጥ አለበት፤ ወታደሮቹን የማስወጣት ሥልጣን ነበረው? ማስወጫው መኪናና ጀልባ በእጁ ነበር? ሌላ ጊዜ በሌላ ጥፋት ሰው ቀጥቶ ያውቃል? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ዋጋ አለው። ሸሽቶ የተያዘን ታጣቂ ወዲያው ያስቀጣ መሪ ደፋሪውን መቅጣት አልቻልኩም ሊል አይችልም።

ይህን ሁሉ የሚናገረው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የራሱ የቡድኑ ሰው። የሬዲዮ ኦፕሬተሩ፣ አጃቢው፣ ሾፌሩ፣ ጸሐፊው። ተጎጂዎች ምን እንደደረሰባቸው ይነግሩናል፤ ማን እንዳዘዘ ግን በአብዛኛው አላዩም። የውስጥ ሰው ደግሞ እጁ ንጹሕ አይደለም። ራሱን ሊያስጠይቅ የሚችል ሰው ቃሉን ሲሰጥ የዝምታና የጠበቃ መብቱ ይነገረዋል፣ ቃለ መጠይቁም በድምፅ ወይም በምስል ይቀዳል። ችሎት ላይ ቃሉ በራሱ ላይ እንዳይውል ዋስትና ሊሰጠው ይችላል። ከዚህ ውጪ የሚሰጥ ተስፋ ግን፣ ውጭ አገር መኖሪያ ይሁን ገንዘብ፣ ምስክሩን ያበላሻል። የትራንስፖርት፣ የአልጋና የምግብ ወጪ እንኳ በደረሰኝ መያዝ አለበት። መከላከያው የክፍያውን ዝርዝር ሲያገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ተከፈለህ?» ነውና።

ንጉጆሎ በዲሴምበር 2012 ነጻ የወጣው የዐቃቤ ሕግ ዋና ዋና ምስክሮች ሳይታመኑ ስለቀሩ ነው። ዳኞቹ መርማሪዎቹ ተከሳሹ የኖረበትንና ዝግጅቱ ተደረገ የተባለበትን ስፍራ ሄደው ቢያዩት ይጠቅም እንደነበር ጽፈዋል፤ የምስክሮቹን የልደትና የትምህርት ቤት ሰነድ ማጣራትም እንዲሁ። የአንድ ክፍል ተማሪዎች ስም ዝርዝርን የሚያህል ርካሽ ማስረጃ የለም። በዚያ ወር ታጣቂ ነበርኩ የሚለው ልጅ ፈተና ላይ ተቀምጦ እንደሆነ ያሳያል፤ ዕድሜውንም ጭምር።

ዕድሜ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ወንጀሉ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መመልመል፣ መመዝገብ ወይም በውጊያ በንቃት እንዲሳተፍ ማድረግ ነው፤ «ወዶ ነው የገባው» ማለት አያድንም። ነገር ግን 14 እና 16 በዓይን አይለዩም። የአጥንትና የጥርስ ራጅ ሰፊ ስሕተት ስላለው ብቻውን አያስኬድም። በሉባንጋ መዝገብ የቀድሞ ሕፃናት ወታደሮች ነን ያሉት ምስክሮች ሳይታመኑ ሲቀሩ ክሱን ያተረፈው ቪዲዮ ነው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2003 ሉባንጋ ሩዋምፓራ የሚገኘውን የማሠልጠኛ ካምፕ ሲጎበኝ ተቀርጿል። ከፊቱ ከቆሙት ምልምሎች አንዳንዶቹ ያለ ጥርጥር ትናንሽ ልጆች ናቸው። ዳኞቹ ድንበር ላይ ያሉትን ትተው፣ ማንም ሰው አይቶ ከ15 በታች ናቸው የሚላቸውን ብቻ ወሰዱ። መሪው፣ ካምፑ፣ ልጆቹና ቀኑ በአንድ ምስል ውስጥ ተገኙ። ሰነድ በሌለበት አገር እንዲህ ያለ ማስረጃ በቀላሉ አይገኝም።

እነዚያ ምስክሮች ለምን ወደቁ? ዐቃቤ ሕግ በአካባቢው ሰዎች አማካይነት ነበር ምስክር ያገኘው። የውጭ መርማሪ በጦር ቀጠና መንደር ለመንደር ሲዞር መታየቱ ምስክሩን ያስገድላል፤ ስለዚህ አገናኝ ያስፈልጋል። ችግሩ አገናኙ ሰው ከማገናኘት አልፎ የምርመራውን ሥራ ራሱ መሥራቱ ነው። በጃንዋሪ 2009 ችሎቱ ሲከፈት የመጀመሪያው ምስክር ቃሉን በሰጠበት በዚያው ቀን አጠፈው፤ እንዲህ በል ተብዬ ነው አለ። በኋላ ሌሎችም ተከተሉ። በ2010 ዳኞቹ የአንዱን አገናኝ ማንነት ለመከላከያው ግለጥ ሲሉት ዐቃቤ ሕግ ሳይታዘዝ ቀረ፣ ችሎቱም ለወራት ቆመ። ከዚያ በፊትም በ2008 ቆሞ ነበር፤ ከ200 በላይ ሰነዶች፣ አብዛኞቹ ከተባበሩት መንግሥታት፣ በምስጢር ስምምነት ተወስደው ተከሳሹን ሊጠቅም የሚችለውን ለእሱ ማሳየት ስላልተቻለ። ሉባንጋ ሔግ የገባው በማርች 2006 ነው፤ ይግባኙ ያለቀው በዲሴምበር 2014። ለአንድ ዓይነት ወንጀል ብቻ፣ 14 ዓመት ለተፈረደበት መዝገብ።

ስለ ሬዲዮ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚማርከኝ ማስረጃ እሱ ነው። የጆሴፍ ኮኒ የዩጋንዳ አማፂ ቡድን፣ የጌታ ተከላካይ ጦር የሚባለው፣ አዛዦች በተወሰኑ ሰዓቶች በረጅም ርቀት ሬዲዮ ይገናኙ ነበር። የዩጋንዳ ጦር፣ ፖሊስና የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጠልፉ ነበር። ጠላፊው እያዳመጠ ካሴት ያስቀዳል፣ በእጁ ማስታወሻ ይይዛል፣ ከዚያ ማስታወሻውን ወደ መዝገብ ይገለብጣል። ታጣቂዎቹ የጥሪ ስምና የኮድ ሰንጠረዥ ነበራቸው፤ ከአዛዦቹ አንዱ የነበረው የዶሚኒክ ኦንግዌን አንዱ የጥሪ ስም «ቴም ዌክ ኢቦንግ» ነው። ኤፕሪል 29 ቀን 2004 የኦዴክ ተፈናቃዮች መጠለያ ከተጠቃ በኋላ ኦንግዌን ውጤቱን በሬዲዮ ሪፖርት ሲያደርግ ተጠልፏል። አንድ መዝገብ ብቻ ቢሆን የጠላት ወረቀት ተብሎ ይጣል ነበር። ሦስት መሥሪያ ቤት ሳይነጋገር ተመሳሳይ ነገር ሲጽፍ፣ ጠላፊዎቹ ቀርበው ድምፁን ሲለዩ፣ የቀድሞዎቹ የታጣቂዎቹ ሬዲዮ ሰዎች ኮዱን ሲፈቱ ግን ማስተባበል ይከብዳል። ድክመቱም አለ፤ ካሴቱ ይንሻፈፋል፣ ከማስታወሻ ወደ መዝገብ ሲገለበጥ ስም ይሳሳታል፣ አዛዡም ለአለቃው ሲፎክር ያልገደለውን ገደልኩ ይላል። ስለዚህ ሬዲዮው የሚቆመው መሬት ላይ ካለው ምስክር ጋር ሲጋጠም ነው። ኦንግዌን ከተከሰሰባቸው 70 ክሶች በ61 ጥፋተኛ ተብሎ 25 ዓመት ተፈረደበት። ራሱ በልጅነቱ ተጠልፎ የተወሰደ መሆኑ ቅጣቱን አቀለለለት እንጂ ከጥፋተኝነት አላዳነውም።

ዛሬ የሬዲዮውን ቦታ ስልክ ይዞታል። የጥሪ ዝርዝሩ ማን ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው የስልክ ማማ ክልል ሆኖ እንደተነጋገረ ያሳያል፤ ምን እንደተባለ ግን አይናገርም። የስልክ ድርጅቶች ዝርዝሩን ለዘላለም አያስቀምጡም፤ «እንዳይጠፋ ይያዝ» የሚለው ጥያቄ ቶሎ ካልደረሰ ይደመሰሳል። ሲም ካርዱም በእህት ወይም በሾፌር ስም የወጣ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩ የማን እንደነበር የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ታጣቂዎች ራሳቸው የሚለቁት ቪዲዮም አለ። በ2017 በሊቢያው አዛዥ ማሕሙድ አል ወርፋሊ ላይ የወጣው የእስር ማዘዣ በአመዛኙ የቆመው በማኅበራዊ ሚዲያ በተሰራጩ የግድያ ቪዲዮዎች ላይ ነው፤ በሰባት ድርጊቶች 33 ሰዎች ተገድለዋል ይላል። ሰውየው ሔግ ሳይደርስ በ2021 ቤንጋዚ ውስጥ ተገደለ።

ቪዲዮ እጁ የገባ ሰው በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ አስተላልፎ ዋናውን እንዳይደመስስ። ፋይሉ በየመተላለፊያው ይጨመቃል፣ የተቀረጸበት ቀንና ቦታም ከላዩ ይራገፋል። ዋናው ፋይል ሳይነካ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ የሃሽ ቁጥሩ (ፋይሉ ቢነካካ የሚለወጠው መለያ) ይመዝገብ፣ ከማን በስንት ቀን እንደተገኘና ከዚያ በኋላ ማን እንደያዘው በዝርዝር ይጻፍ። ሥራ የሚሠራው በግልባጩ ላይ ነው። ሥፍራ የሚያነሳ ሰው መጀመሪያ ከሩቅ አካባቢውን፣ ከዚያ መካከለኛውን፣ በመጨረሻ ዝርዝሩን ከመለኪያ ጋር ያንሳ። ቀለሁን አንሥቶ በኪስ መክተት፣ መቃብር መቆፈር፣ ልብስ ሰብስቦ ማጠብ ማስረጃውን መግደል ነው። ከተጎጂ ሙሉ ቃል ደጋግሞ መውሰድም ጉዳቱ ያመዝናል። አራት ድርጅት አራት ጊዜ ከጻፈው አራት የተለያየ ጽሑፍ ይወጣል፤ መከላከያው አራቱንም የማግኘት መብት አለውና ልዩነታቸውን እየነቀሰ ምስክሩን ያዋክበዋል። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝ፣ በጥቅሉ ምን ማስረዳት እንደሚችል ጽፎ ዝርዝሩን ለመርማሪ መተው ይሻላል።

ከፊት ያሉት ደረጃዎች በማስረጃ ሚዛን ይለያያሉ። የእስር ማዘዣ ለማውጣት ምክንያታዊ እምነት ይበቃል፣ ክሱ እንዲረጋገጥ ጠንከር ያለ መሠረት ያስፈልጋል፣ ለፍርድ ደግሞ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት ነው። መካከለኛው ደረጃ ለወጉ ያለ አይደለም፤ ኤፍዲኤልአር የሚባለው የሩዋንዳ ታጣቂ ቡድን ባለሥልጣን ካሊክስት ምባሩሺማና በ2011 እዚያው ላይ ክሱ ሳይረጋገጥ ተለቅቋል። በዳርፉር ሐስካኒታ ላይ በ2007 በአፍሪካ ኅብረት ሰላም አስከባሪዎች ላይ በደረሰው ጥቃት የተጠረጠረው ባሕር ኢድሪስ አቡ ጋርዳም እንዲሁ።

ምስክር መግዛትና ማስፈራራት ራሱ በአንቀጽ 70 ወንጀል ነው። ቤምባ ከዋናው ክስ ነጻ ቢወጣም ከጠበቃውና ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር 14 ምስክሮችን በማበላሸት ተፈርዶበታል፤ የእሱ ቅጣት አንድ ዓመት እስራትና 300,000 ዩሮ ነበር።

መያዙስ? ፍርድ ቤቱ ፖሊስ የለውም። የኮኒ ማዘዣ ከ2005 ጀምሮ አለ፣ ሰውየው ግን አልተያዘም። የክስ ማረጋገጫው ችሎት እሱ በሌለበት የተካሄደው በሴፕቴምበር 2025 ነው፤ ዋናው ችሎት እንዲታይ ግን መገኘቱ ግድ ነው። የኮንጎው ታጣቂ አዛዥ ቦስኮ ንታጋንዳ በ2006 ማዘዣ ወጥቶበት ለዓመታት በኮንጎዋ ጎማ ከተማ በአደባባይ ይታይ ነበር። በማርች 2013 የራሱ ቡድን ተከፋፍሎ ሲያሳድደው ኪጋሊ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ በር ገብቶ ሔግ ውሰዱኝ አለ፤ አሜሪካም ሩዋንዳም የስምምነቱ አባል አይደሉም። በ18 ክሶች 30 ዓመት ተፈረደበት። ታጣቂ መሪ የሚያዘው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ የጠበቀው ሰው ሲከዳው፣ ሲታመም ወይም አገሪቱን የያዘው መንግሥት ሲለወጥ። ስለዚህ መዝገቡ ያን ቀን ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ አለበት፤ ምስክሮቹ በየዓመቱ የት እንዳሉ መታወቅ፣ ያረጁትና የታመሙት ቃላቸው ቀድሞ መቀዳት አለበት።

ካሳው ከፍርዱ በኋላ ሌላ ረጅም ሥራ ነው። ተፈራጆቹ ድኃ ነን ይላሉ፣ ዕዳው ወደ ተጎጂዎች አደራ ፈንድ ይዞራል፣ ፈንዱም የሚኖረው አገሮች በፈቃዳቸው በሚሰጡት ነው። በካታንጋ መዝገብ 297 ተጎጂዎች እያንዳንዳቸው 250 ዶላር ምሳሌያዊ ካሳ ከጋራ ድጋፍ ጋር ተወሰነላቸው። በኦንግዌን መዝገብ በፌብሩዋሪ 2024 የተወሰነው ወደ 52.4 ሚሊዮን ዩሮ ሲሆን የተጎጂዎቹ ግምት 49,772 ነው፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ምሳሌያዊ ክፍያ 750 ዩሮ፣ የቀረው ለጋራ ማገገሚያ ነው። ፈንዱ ያን ያህል ገንዘብ በእጁ ስለሌለው ዳኞቹ ተራ አወጡ፤ አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና በጽኑ የታመሙት ይቀድማሉ።